ማሽን የጻፈውንም ኮድ አስተካክሉት

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ፕሮግራመሮች፣ በማሽን የሚመነጨውን ኮድ «ማን ያነበዋል?» ብላችሁ በአንድ መስመር አትጠቅጥቁት። ስህተት የመጣ ዕለት የምታነቡት እናንተው ናችሁ። ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ላለ አንድ መጋዘን በምንሠራው ሲስተም ስህተቱ «መስመር 1» ላይ ነው አለን፤ ፋይሉ በሙሉ አንድ መስመር ነበር! ግማሽ ቀን ፈጀብን። የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ጊትም ቢሆን አንዲት ፊደል ስትቀየር ያንን ረጅም መስመር ሙሉውን እንደተለወጠ ይቆጥረዋል።

በኮዱ መሃል ያለውን ክፍት ቦታ ጄኔሬተሩ (ኮዱን የሚያመነጨው ፕሮግራም) ውስጥ ለማሳመር አትድከሙ። ኮዱ ከወጣ በኋላ በፎርማተር፣ ማለትም የኮድን መስመርና ክፍተት በሚያስተካክል ፕሮግራም፣ አሳልፉት፦ ለጎ ቋንቋ ጎፈምት (gofmt)፣ ለጃቫስክሪፕት ፕሪቲየር፣ ለፓይተን ብላክ። ትእዛዙን ፕሮግራሙን በሚገነባው ቢልድ ስክሪፕት ውስጥ አስገቡት። የሚመነጨው ፋይል አናት ላይ «በማሽን የተፈጠረ፣ በእጅ አይነካ» የሚል ኮሜንት ይኑር፤ አለዚያ አንዱ በእጁ ያርመውና በሚቀጥለው ቢልድ ልፋቱ ይጠፋል። ለብራውዘር ተጨምቆ የሚላከው ፋይል ግን ሌላ ነው፤ ለእሱ የተጨመቀውን ኮድ ከዋናው ኮድ ጋር የሚያገናኝ ፋይል፣ ሶርስ ማፕ፣ አዘጋጁለት።