የኮምፓውንድ ቀስቴን የመሳቢያ ክብደት እንዴት እንደቀነስኩ

ኮምፓውንድ ማለት ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው ዘመናዊ ቀስት ነው። የኔው 60 ፓውንድ ላይ ነበር፣ ማለትም ገመዱን ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት። ገመዱን ለመሳብ ቀስቱን ወደ ሰማይ ማንሳት ካስፈለገ ከብዷል ማለት ነው፣ ትከሻም ይጎዳል። ልቀንሰው ስል ግን የሊምቡ (ገመዱ ሲሳብ የሚለመጠው የቀስቱ ክንድ) ብሎን ንቅንቅ አልል አለ።

መላው የተገኘው ጎኑ ላይ ነው። አንዳንድ ቀስቶች ሊምቡ የሚገባበት ኪስ ጎን ላይ ሌላ ትንሽ ማጥበቂያ ብሎን አላቸው፤ እሷን ሳያላሉ ትልቁን መታገል የብሎኑን ራስ መብላት ነው። እሷን ላላ ሳደርግ ዋናው እሺ አለ።

መጀመሪያ የላዩንም የታቹንም ሊምብ ዋና ብሎን እስኪቆም አጠበቅኩ፣ መነሻው እንዲታወቅ። ከዚያ በማርከር ምልክት አድርጌ ግማሽ ዙር ከላይ፣ ግማሽ ዙር ከታች እያልኩ ወደ ግራ አላላሁ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። በሁለቱም በኩል አንድ ሙሉ ዙር ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ፓውንድ ይቀንሳል፤ በቀስት ሚዛን ስለካው 52 ሆነ። ሚኒሶታ ውስጥ አጋዘን ለማደን ዝቅተኛው 30 ስለሆነ ይሄ ከበቂም በላይ ነው።

እዚህ ጋ ግን አደራ! ገመዱ ባይሳብም ሊምቦቹ ሁሌም እንደተወጠሩ ናቸው። የቀስቱ መመሪያ ከሚፈቅደው ዙር ካለፋችሁ ሊምቡ ከኪሱ ተፈናጥሮ ፊታችሁ ላይ ሊመጣ ይችላል። ልሞክረው ብላችሁም ያለ ፍላጻ ስባችሁ እንዳትለቁ፣ ቀስቱ ሊሰበር ይችላል።

በመጨረሻ ትንሿን ብሎን መልሼ አጠበቅኩ። ፍላጻው አሁን ዝቅ ብሎ ስለሚመታ የማነጣጠሪያውን ፒንም ወደ ታች አወረድኩት።