በስንተኛው ደቂቃ ቆመ? ከካሜራ በቀጥታ ወደ ሃርድ ዲስክ ስንቀርጽ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሰርግ የሚቀርጽ ሰው ሚሞሪ መቀያየር ምን እንደሆነ ያውቃል። ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ ስትል ሚሞሪው ይሞላል። አዲሱን አስገብታችሁ ቀና ስትሉ ምርቃቱ አልቋል። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን ካሜራውን በቀጥታ ከኤክስተርናል ዲስክ ጋር አገናኝተን ቀኑን ሙሉ ሳናቋርጥ መቅረጽ የምንፈልገው። ይቻላል። እኔም የምሠራው እንደዚያ ነው። ግን ነገሩ ሲበላሽ የሚበላሸው እዚያው ፕሮግራሙ መሀል ነው፣ ምርቃት ደግሞ አይደገምም።

ችግር ሲገጥማችሁ ከሁሉ በፊት ሰዓቱን እዩ። ቀረጻው በስንተኛው ደቂቃ ቆመ? ገና ሲጀምር ነው? ከጥቂት ሰከንድ በኋላ? ከሩብ ሰዓት በኋላ? ወይስ ሙዚቃው ሲጀመር? መልሱ ወደ መንስኤው ይመራችኋል። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ሮጦ አዲስ ዲስክ ይገዛል። አዲሱም እንደ አሮጌው ይቆምበታል፣ ምክንያቱም ችግሩ የነበረው ገመዱ ላይ ነው።

ካሜራው ዲስኩን ጭራሽ አያየውም

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። የአብዛኛው የቪዲዮ ካሜራ ዩኤስቢ የተሠራው ከኮምፒውተር ጋር እንዲገናኝ ነው። ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩት ካሜራው ልክ እንደ ፍላሽ ይታያል። ሃርድ ዲስኩም እንደዚያው። ሁለቱን በአንድ ገመድ ስታገናኟቸው ሁለቱም ትእዛዝ ጠባቂ ናቸው፣ አዛዥ የለም። ስለዚህ አስማሚ ብትቀያይሩም፣ ዲስኩን ፎርማት ብታደርጉም ለውጥ አታዩም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። አንዳንድ የሶኒ ሃንዲካም ካሜራዎች በልዩ አስማሚ ገመድ ኤክስተርናል ዲስክ ይቀበላሉ። ይህ ግን ቀድሞ የተቀረጸውን ከካሜራው ወደ ዲስኩ መገልበጫ ነው። በቀጥታ እየቀረጸ አይጽፍበትም። ለመገልበጥ ለብቻው በጣም ይጠቅማል፣ ላፕቶፕ ሳትይዙ ክፍለ ሀገር ስትሄዱ በተለይ። ቻርጀሩን ሰክታችሁ ተጠቀሙበት፣ ባትሪው መሀል ላይ እንዳያልቅ።

በቀጥታ ዲስክ ላይ የሚቀርጹ ካሜራዎች ተለይተው ይታወቃሉ። በ2018 የወጣው ብላክማጂክ ፖኬት ፎርኬ በታይፕ ሲ ገመድ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ላይ ይቀርጻል። ከፓናሶኒክ ኤስ5 ቱ ኤክስ አለ። ከስልክ ደግሞ በ2023 የመጡት የአይፎን 15 ፕሮ ስልኮች ፕሮሬስ የሚባለውን ጥራቱም የፋይሉ መጠንም ከፍ ያለ ቀረጻ በቀጥታ ዲስክ ላይ ይጽፋሉ።

የእናንተ ካሜራ ከእነዚህ ካልሆነ መንገዱ በኤችዲኤምአይ ነው። ከካሜራው ኤችዲኤምአይ አውጥታችሁ ኤስኤስዲ የሚገባበት ሪከርደር ላይ ትሰካላችሁ፣ ወይም በትንሿ የኤችዲኤምአይ መቅጃ (ካፕቸር ካርድ) ምስሉን ወደ ዩኤስቢ ለውጣችሁ ላፕቶፕ ውስጥ ታስገቡና ኦቢኤስ በሚባለው የመቅረጫ ፕሮግራም ዲስኩ ላይ ትቀርጻላችሁ። ርካሾቹ መቅጃዎች ካርቶናቸው ላይ ፎርኬ ቢልም ፎርኬ ተቀብለው የሚያወጡት ብዙ ጊዜ ፉል ኤችዲ ነው። ይህን አውቃችሁ ግዙ። ሌላው ደግሞ ካሜራው ስክሪን ላይ ያለው የባትሪ ምልክትና ቀዩ ነጥብ አብሮ እንዳይቀረጽ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ የኤችዲኤምአይ ማሳያ ጽሑፉን አጥፉ። የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ካሜራው ውስጥ ያለው ሚሞሪም ጎን ለጎን መቅረጹ ነው። ሁለት ቅጂ ይኖራችኋል።

ያየዋል፣ ግን አልቀርጽም ይላል

ችግሩ ፎርማቱ ነው፣ ማለትም ዲስኩ ፋይል የሚያስቀምጥበት ሥርዓት። ዊንዶውስ ላይ ስንጠቀምበት የቆየ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ኤንቲኤፍኤስ ነው፣ ካሜራዎች ደግሞ ይህን አይወዱም። የሚፈልጉት ኤክስፋት ነው። ፋት 32 ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ማለፍ ስለማይችል ካሜራው ቪዲዮውን ይቆራርጠዋል ወይም ያቆማል። ፎርማቱን እዚያው ካሜራው ላይ አድርጉት። ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ መጀመሪያ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ፣ ያለፈው ሳምንት ሙሽሮች ፋይል እዚያ ላይ ሊኖር ይችላል። ዲስኩ ፓስወርድ ካለው አይፎን አይቀበለውም። ከ2 ቴራባይት በላይ የማይቀበል ካሜራም ስላለ ትልቅ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት መመሪያውን ተመልከቱ።

ዲስኩ ይነሳና ቀጭ ቀጭ ብሎ ይጠፋል

የኃይል እጥረት ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሲነሳ 1 አምፔር አካባቢ ይፈልጋል። የዩኤስቢ 2 መደበኛ አቅም 500 ሚሊ አምፔር ነው፣ የዩኤስቢ 3 ደግሞ 900። አይፎን ከ4.5 ዋት በላይ ለሚፈልግ ዲስክ ኃይል አይሰጥም። መፍትሄው ከፓወር ባንክ ወይም ከሶኬት የራሱን ኃይል የሚያገኝ ሃብ (የዩኤስቢ ማከፋፈያ) መሀል ላይ ማስገባት ነው፣ ወይም አነስተኛ ኃይል የሚበቃው ኤስኤስዲ መጠቀም። ያው ቀጭ ቀጭ ኮምፒውተር ላይም ካልተወው ግን ዲስኩ ራሱ እየሞተ ነው። ደጋግማችሁ አትሞክሩት፣ ውስጡ ፋይል ካለ ወደሚያወጣላችሁ ባለሙያ ውሰዱት።

ይጀምራል፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይቆማል

ፍጥነት አልበቃውም። እዚህ ላይ ሜጋቢትና ሜጋባይት ስለሚምታቱ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የካሜራው ሜኑ የሚነግራችሁ በሜጋቢት ነው፣ የዲስክ ሻጩ በሜጋባይት ይናገራል። 8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው። ካሜራችሁ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ከሆነ ለ8 አካፍሉት፣ 12.5 ሜጋባይት ይመጣል። በሰዓት 45 ጊጋባይት ነው። ይህን ተራ ሃርድ ዲስክም ይችለዋል። በሚኒ ዲቪ ካሴት ዘመን ፋየርስቶር የሚባል ዲስክ ካሜራ ላይ እያሰሩ ይቀርጹ ነበር፣ ያኔ አንድ ሰዓት ቪዲዮ 13 ጊጋባይት ብቻ ነበር።

አሁን ግን ፕሮሬስ 422 ኤችኪውን በፎርኬ በ25 ፍሬም ብትመርጡ በሰከንድ 737 ሜጋቢት ነው። 92 ሜጋባይት ማለት ነው፣ በሰዓት 330 ጊጋባይት አካባቢ። ትንሹ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ባዶ ሲሆን በሰከንድ ከ100 እስከ 130 ሜጋባይት ሊጽፍ ይችላል። ታዲያ ይበቃል ብላችሁ ታስባላችሁ። አይበቃም። ዲስኩ እየሞላ ሲሄድ ወደ ውስጠኛው ክብ ይገባል፣ እዚያ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ጠዋት ሽር ብሎ የሠራ ዲስክ ከሰዓት በኋላ የሚያቆመው ለዚህ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ቀረጻ ኤስኤስዲ ግዴታ ነው። ኤስኤስዲ ከሌላችሁ ቀለል ያለውን ፕሮሬስ ኤልቲ ምረጡ ወይም ወደ ፉል ኤችዲ ውረዱ፣ ለሙሽሮቹ የተቋረጠ ፎርኬ ምንም አይጠቅማቸውም።

ዲስኩ ፈጣን ሆኖም ከቆመ ገመዱን እዩ። ስልክ ቻርጅ ማድረጊያው ታይፕ ሲና የዳታው ታይፕ ሲ መልካቸው አንድ ነው። የቻርጅ ማድረጊያው አብዛኛውን ጊዜ ዩኤስቢ 2 ነው፣ በተግባር በሰከንድ 40 ሜጋባይት አካባቢ ያሳልፋል። ከአይፎን 15 ፕሮ ጋር ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ገመድም ይኸው ነው። አፕል ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ለመቅረጽ የሚጠይቀው በሰከንድ 220 ሜጋባይት የሚጽፍ ዲስክና 10 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ገመድ ነው። ትክክለኛውን ገመድ ስታገኙ ቀይ ፕላስተር ለጥፉበት፣ ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል።

ከ10 ከ15 ደቂቃ በኋላ ይቆማል

ርካሽ ኤስኤስዲ መጀመሪያ ላይ የሚጽፈው ፈጣን በሆነችው ትንሽ ክፍሉ ላይ ነው። እሷ ስትሞላ ፍጥነቱ ቁልቁል ይወርዳል፣ አንዳንዱ ከሃርድ ዲስክም በታች። ሙቀትም እንዲሁ ያደርጋል፣ ጸሐይ ላይ ከካሜራው ጋር ታስሮ የዋለ ኤስኤስዲ ራሱን ለማብረድ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጥላ ስጡት። ከሰርጉ ቀን በፊት ደግሞ ቤታችሁ በምትቀርጹበት ሴቲንግ ሳታቋርጡ አንድ ሰዓት ቅረጹበት። የ2 ደቂቃ ሙከራ ምንም አይነግራችሁም።

ሐሰተኛ ዲስክም አለ። 16 ቴራባይት ተብሎ በማይታመን ዋጋ የሚሸጠው ሲከፈት ውስጡ አንዲት የስልክ ሚሞሪ ካርድ ትገኛለች። መጥፎነቱ ቀረጻው ላይቆም ይችላል፣ ሲቀርጽ ውሎ ማታ ስትከፍቱት ፋይሉ ባዶ ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብልዩ፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ዲስኩን እስከ ጥጉ ሞልተው እውነተኛ መጠኑን ይነግሯችኋል። ገዝታችሁ ሳትመረምሩ ሥራ ላይ አታውሉ።

ልክ በ29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ይቆማል

ዲስኩን ተዉት፣ ጤነኛ ነው። ብዙ የፎቶ ካሜራዎች ቀድሞ በነበረ የአውሮፓ የቀረጥ ሕግ የተነሳ ከ30 ደቂቃ በታች እንዲያቆሙ ተደርገው ተሠርተዋል። ንግግር ከመጀመሩ በፊት አቁማችሁ እንደገና አስጀምሩ።

ሙዚቃው ሲጮህ ይቆማል

ይህን እኔ ላይ ደርሶ ነው ያወቅሁት። የመልስ ፕሮግራም ነበር። ሶኬት የነበረው ሞንታርቦው አጠገብ ስለሆነ ሃርድ ዲስኩን እዚያው ላዩ ላይ አስቀመጥኩት። የሽማግሌዎቹ ንግግር በሙሉ በሰላም ተቀረጸ። ዘፈን ሲጀመር ተቋረጠ። ገመድ ቀየርኩ፣ ተቋረጠ። ቤት ወስጄ ስፈትሸው ዲስኩ ፍጹም ጤነኛ ነው። ከዚያ ነው ፋይሎቹ የተቆረጡበትን ሰዓት ከካሜራው ሚሞሪ ጋር ያስተያየሁት። ሁሉም የተቆረጡት እስክስታው ሲደምቅ ነው። በመሀሉ ሚሞሪው ሞልቶ ስለነበር የሙሽራው እናት ስትጨፍር የነበረችበት 4 ደቂቃ የትም የለም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚጽፈው ጫፍ ሳህኑን አይነካውም፣ በጣም በቀጭን አየር ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሄደው። ሞንታርቦው በባሱ ሲንቀጠቀጥ ጫፉ ከመስመሩ ይወጣል፣ ዲስኩ እየደጋገመ ይሞክራል፣ በዚህ መሀል ካሜራው መጠበቅ አይችልምና ያቆማል። መፍትሄው ዲስኩን ከስፒከር ማራቅና ስፖንጅ ወይም የታጠፈ ፎጣ ላይ ማስቀመጥ ነው። እየቀረጸ ሳለ አታንሱት፣ አታዙሩት። በእጅ ተይዞ የሚዞር ካሜራ ላይ ደግሞ ሃርድ ዲስክ አታያይዙ።

ከዚሁ አየር ጋር የተያያዘ ለአገራችን የሚሆን ነገር ልጨምር። አብዛኛው ሃርድ ዲስክ እንዲሠራበት የተፈቀደው ከፍታ እስከ 3,050 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጫፉ ወደ ሳህኑ ይቀርባል። አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ላይ ችግር የለም። እንጦጦ ጫፉ ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ ሰሜን ተራሮችና የባሌው ሳነቴ ከ4,000 በላይ አላቸው። ለፎቶ ፕሮግራምም ሆነ ለዶክመንተሪ እዚያ ስትወጡ ኤስኤስዲ ያዙ። ውስጡ የሚሽከረከርም የሚንሳፈፍም ነገር የለውም።

መብራት ጠፋ ወይም ገመዱ ተነቀለ፣ ፋይሉ አይከፈትም

ፋይሉ 20 ጊጋባይት ይላል፣ ግን አይጫወትም። ተስፋ አትቁረጡ። ኤምፒ ፎር ፋይል ማውጫውን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ስቶፕ ስትጫኑ ነው። ምስሉ አለ፣ የጠፋው ማውጫው ነው። ካሜራው ዲስኩን ፎርማት ላድርግ ብሎ ሲጠይቃችሁ እሺ እንዳትሉ፣ ሌላም ነገር አትቅረጹበት። በኦቢኤስ የምትቀርጹ ከሆነ ቀድማችሁ ኤምኬቪ የሚባለውን የፋይል ዓይነት ምረጡ፣ መብራት ቢጠፋም እስከዚያ የተቀረጸው ይከፈታል። ላፕቶፑን በባትሪው፣ ሪከርደሩን በዩፒኤስ አድርጉ፣ የዲስኩን ገመድ ደግሞ ሰው ሲያልፍ እንዳይነቅለው ከካሜራው እጀታ ጋር እሰሩት።

ለተበላሸው ኤምፒ ፎር መጀመሪያ ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡና በቅጂው ላይ ብቻ ሥሩ። አንትረንክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ከዚያው ካሜራ የወጣ ጤነኛ ፋይል ስትሰጡት በእሱ አምሳያ የተበላሸውን ማውጫ መልሶ ይሠራል። ሴቲንጉ የግድ አንድ መሆን አለበት። በዚያ ሴቲንግ የተቀረጸ ጤነኛ ፋይል ከሌላችሁ ካሜራውን ሳትነካኩ በሌላ ዲስክ አንድ ሁለት ደቂቃ ቅረጹና እሱን ስጡት።