ሞተርሳይክል ላይ የዕቃ ሳጥን ሲገጠም፦ የሚያስቀጣውና የማያስቀጣው

ሳጥን መግጠም በራሱ የሚያስቀጣው አልፎ አልፎ ነው። ዋናው ጥፋት ሳጥኑ የጋረደው መብራት ወይም ከልክ ያለፈው ክብደት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የተፈረመው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት በአንቀጽ 30፣ ጭነት የፍሬን መብራትን፣ ፍሬቻን፣ የኋላ አንጸባራቂንና ታርጋን እንዳይሸፍን፣ ሚዛንንም እንዳያናጋ ያዛል።

ሳጥን ከመግዛትዎ በፊት ክብደቱን ያስሉ። በመመሪያው መጽሐፍ ወይም ሻንሲው ላይ ባለው ሰሌዳ ከተጻፈው የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት፣ ነዳጅ የሞላውን የሞተርሳይክሉን ክብደት ይቀንሱ። ለምሳሌ ከ365 ኪሎ 205 ሲቀነስ 160 ይቀራል። አሽከርካሪው ከነሄልሜቱ 85፣ ከኋላ የሚቀመጠው 60 ኪሎ ቢሆኑ የሚተርፈው 15 ነው። ፖርቶመጋላው (ሳጥኑ የሚቀመጥበት ብረት) 4፣ ባዶው ሳጥን 5 ከመዘኑ ለዕቃ የቀረው 6 ኪሎ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ 50 ሊትር የሚይዝ ሳጥን 50 ኪሎ የሚችል ይመስለዋል። የአብዛኞቹ የኋላ ሳጥኖች ልክ ግን ከ3 እስከ 10 ኪሎ ነው። ሳጥኑ ከኋላ ጎማው አልፎ ስለሚንጠለጠል የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፤ ፍጥነት ሲጨምር መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ስለዚህ ከባዱን ዕቃ ዝቅ ብለው ወደተሰቀሉት የጎን ሳጥኖች፣ ግራና ቀኙን አመዛዝነው ያስገቡ።

ፖርቶመጋላውን ፋብሪካው ባዘጋጃቸው ቀዳዳዎች ብቻ ይግጠሙ። ሻንሲ መብሳትና መበየድ ብረቱን ያዳክማል፤ በብዙ አገርም የአካል ለውጥ ተብሎ ፈቃድ ይጠየቅበታል። ብሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በእጅ ያስገቡ፣ ከዚያ ያጥብቁ። አንዱን ቀድመው ካጠበቁት የሌላው ቀዳዳ ይዛነፋል፤ በግድ የገባ ብሎን ደግሞ ጥርሱ ይበላል። ከ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ እንደገና ይፈትሹ፤ ንዝረት ያላላቸዋል።

የጎን ሳጥን ፍሬቻን ከጋረደ ፍሬቻውን ወደ ውጭ ማውጣት ግድ ነው። አምፖሉን በኤልኢዲ ከቀየሩ ፍሬቻው በጣም ሊፈጥን ይችላል፤ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ስላነሰ ነው። ለኤልኢዲ የተሠራ ሪሌ (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ማብሪያ) ያስተካክለዋል።

ፍተሻው በባዶ ሞተር አይሆንም። ሳጥኖቹን ሞልተው፣ ሰው አስቀምጠው፣ ሲመሽ 20 ሜትር ወደ ኋላ ርቀው ይመልከቱ። ታርጋው ይነበባል? ሞልቶ የተወጠረ ለስላሳ ቦርሳ ወርዶ መብራቱን ሸፍኗል? የተንጠለጠለ ቺንጊያ ጎማው ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ትርፉን አጥፈው ይሰሩት።

ቅጣቱ እንደየአገሩ ይለያያል፦ ገንዘብ፣ የመንጃ ፈቃድ ነጥብ፣ ከዓመታዊ ምርመራ መውደቅ፣ ሞተሩ እስኪስተካከል መታገድ። ከሁሉ የሚከብደው ግን አደጋ ሲደርስ ነው፤ ያልተነገረው ለውጥ ወይም ትርፍ ጭነት ለአደጋው ምክንያት ከሆነ መድን ሰጪው ካሣውን ሊከለክል ይችላል። ስለዚህ ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ፈቃድ ያስፈለገው ለውጥ ካለ ሊብሬው ላይ ያስመዝግቡ፣ የወረቀቱንም ቅጂ ሞተሩ ላይ ይያዙ።