የብር ቀበሮ ማሳደግ ለምትፈልጉ፦ ቀበሮውን መጨረሻ ላይ ግዙ

ስልካችሁ ላይ ያያችሁት፣ ሰው እግር ሥር እየተንከባለለ ጭራውን የሚቆላው ጥቁር ቀበሮ እውነተኛ ነው። ቪዲዮው የማያሳየው ሶፋውን ነው። ሸንቶበታል።

እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከከተማ ወጣ ባለ ሰፈር፣ ሁለት የብር ቀበሮዎች፣ ማለትም ፀጉራቸው ጥቁርና ብርማ የሆነ የፈረንጅ ቀይ ቀበሮዎች፣ አሳድጋለሁ። የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ "ከየት ልግዛ?" ብሎ ይጀምራል። ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ሕጉ፣ ሐኪሙና አጥሩ ይቀድማሉ። እነዚህ ሳይሟሉ የተገዛ ቀበሮ ዓመት ሳይሞላው "ውሰዱልኝ" የሚል ማስታወቂያ ይወጣበታል።

መጀመሪያ፦ የትኛው ቀበሮ እንደሆነ እወቁ

ብዙ ሰው "ሩሲያውያን ቀበሮ አላምደዋል" የሚለውን ሰምቶ ነው የሚመጣው። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ዲሚትሪ ቤልያየቭ የተባሉ የዘረመል ሳይንቲስት ከሉድሚላ ትሩት ጋር ሆነው ሳይቤሪያ ውስጥ፣ ኖቮሲቢርስክ አጠገብ ሥራውን ጀመሩ። ቀበሮዎቹን ያመጡት ለፀጉር ከሚያረቡ ጣቢያዎች ነው። ከየትውልዱ ሰው የማይፈሩትንና የማይናከሱትን ብቻ እየመረጡ አራቡ። መልክ አልመረጡም፤ የመረጡት ጠባይ ነው። በ10ኛው ትውልድ ከመቶ 18ቱ ሰው ለማግኘት የሚጓጉ፣ እንደ ቡችላ እያለቀሱ የሚልሱ ሆኑ። በ20ኛው ትውልድ ቁጥሩ 35 ደረሰ። የአንዳንዶቹ ጆሮ ተንጠለጠለ፣ ፀጉራቸው ላይም ነጭ ጣል ጣል አለበት።

አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ግን አብዛኛው ከዚያ ዘር አይደለም። የፀጉር እርባታ ልጅ ነው። አያቶቹ ካናዳ፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ አይላንድ ላይ ከተጀመረው እርባታ ወዲህ ብዙ ትውልድ በሽቦ ውስጥ ኖረዋል። ስለዚህ ከዱር ቀበሮ ይልቅ ሰው ይችላሉ። የተመረጡት ግን ለፀጉራቸው እንጂ ለጠባያቸው አይደለም። ሻጩ "የሩሲያ ነው" ካለ ወረቀት ያሳይ። ወረቀት ከሌለው ዋጋውን በዚያ ስም አትክፈሉ።

ሁለተኛ፦ ሕጉ

ሜሪላንድ የምትኖሩ እዚህ ጋ ልታቆሙ ትችላላችሁ። የሜሪላንድ ሕግ ቀበሮ፣ ራኩን፣ ስከንክና ድብ ቤት ማሳደግን ይከለክላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ምን ያህል ሰፊ ጓሮ ቢኖረው ለውጥ የለውም። ዲሲም እንዲሁ ነው። ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ ነገሩ ይለያል፤ ደንቡ በእርባታ የመጣና የፀጉሩ ቀለም ከዱሩ ቀይ ቀበሮ የሚለይ ቀበሮን ለብቻ ነው የሚያየው። ካሊፎርኒያ አይፈቅድም። ኒውዮርክም ቀበሮ አይፈቅድም፤ ፌኔክ የሚባለውን የሰሃራ ትንሹን ቀበሮ ግን ነጥሎ አውጥቶታል።

ስቴቱ ፈቀደ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ የራሱ ደንብ አለው፤ አንዳንዴም ከስቴቱ የጠበቀ ነው። ከዚያ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ አከራይ፣ የቤት ኢንሹራንስ አለ። ደውላችሁ "ይቻላል" ስለተባላችሁ አትመኑ። በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ። ስልክ ያነሳችው ልጅ ነገ ሥራ ትቀይራለች፤ ኢሜይሉ ይቀራል።

ዱባይና አቡዳቢ ላላችሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሕግ የዱርና አደገኛ እንስሳ በግለሰብ ቤት መያዝን ከልክሏል። የአቦሸማኔ ግልገል መኪና ውስጥ አስቀምጦ ፎቶ መነሳት ያኔ አብቅቷል። አገር ቤት ደግሞ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ ክልክል ነው። መንገድ ዳር በጆንያ የሚሸጥ ግልገል ብታዩ "አሳዘነኝ" ብላችሁ አትግዙ። ገንዘባችሁ ሻጩን ሌላ እንዲያመጣ ነው የሚልከው። ከአዲስ አበባ ወደ ሆለታ መንገድ ያለው እንሰሳ ኮቴ ማዕከል ውስጥ ያሉት አንበሶችና አቦሸማኔዎች ብዙዎቹ እንዲህ ካለ እጅ የተወሰዱ ናቸው።

ሦስተኛ፦ ሐኪም

ውሻና ድመት የሚያይ ሐኪም ሁሉ ቀበሮ አያይም። ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉ። "ቀበሮ ታያላችሁ?" ብላችሁ "አዎ" ካሏችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ።

አንደኛው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለቀበሮ ተብሎ ፈቃድ የተሰጠው የዚህ በሽታ ክትባት የለም። ሐኪሙ የውሻውን ሊሰጠው ይችላል፣ እንዲሰጠውም እመክራለሁ። በሕግ ፊት ግን እንዳልተከተበ ነው የሚቆጠረው። ውሻ ሰው ቢነክስ 10 ቀን ይጠበቃል። ቀበሮ ቢነክስ የጤና ቢሮው ገድሎ ጭንቅላቱን ሊመረምር ይችላል። የጎረቤት ልጅ ጣቷን በሽቦው ብታስገባና ቢቧጭራት እንኳ ጉዳዩ እዚያ ሊደርስ ይችላል። እኔ በዚህ ምክንያት እንግዳ አላስነካም። ኩሩ ይሉኛል። ይበሉኝ።

ሁለተኛው ዲስተምፐር የሚባለው፣ ውሻንና ቀበሮን የሚገድል የቫይረስ በሽታ ነው። ለውሻ የሚሰጠው ሕያው ቫይረስ ያለበት ክትባት አንዳንድ የቀበሮ ዝርያዎች ላይ በሽታውን ራሱን ያመጣል። ሕያው የዲስተምፐር ቫይረስ የሌለበትን፣ ፌሬት ለሚባለው ትንሽ የቤት እንስሳ የተሠራውን ዓይነት ጠይቁ። ሐኪሙ ስለ ልዩነቱ ካልሰማ ሌላ ሐኪም ፈልጉ። እነዚህ ሁለት በሽታዎች ምን እንደሚያደርጉ ባሌ ላይ ታይቷል። ከ500 የማይበልጡት የእኛው አገር ቀይ ቀበሮዎች (ከፈረንጁ የተለየ ዝርያ ናቸው) በተደጋጋሚ ያለቁት ከመንደር ውሾች በተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር ነው።

አራተኛ፦ አጥሩ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ቀበሮ የውጭ ማረፊያ የግድ ያስፈልገዋል። "ቤት ውስጥ ብቻ አሳድገዋለሁ" የሚል ሰው የቤት ዕቃ የለውም፣ ካለውም በቅርቡ አይኖረውም።

ለአንድ ቀበሮ ቢያንስ 3 በ4 ሜትር አስቡ፤ እጥፉ ይሻላል። ከፍታው 2 ሜትር ይሁን፤ እናንተም ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ ማጽዳት አለባችሁ። ቀበሮ በሦስት በኩል ይወጣል፦ በሥር፣ በላይና በበር።

ከሥሩ እንጀምር። ቀበሮ ለመቆፈር የተፈጠረ ነው። ቀን ቀን ተጠቅልሎ ይተኛል፣ የቀበሮ ባሕታዊ ይመስላል፤ ማታ ግን አንድ ጥግ መርጦ ሳያቋርጥ ይጭራል። አንዳንዱ ሰው ወለሉን ሲሚንቶ ያደርገዋል። እኔ አልወደውም። ሽንቱ ይሰርግበትና ጠረኑ አይለቅም፣ መዳፉን ይፍቀዋል፣ ከሁሉ በላይ መቆፈር ይከለክለዋል። የማይቆፍር ቀበሮ ይሰለቻል፤ የሰለቸው ቀበሮ ደግሞ ይዞራል፣ ይጮሃል፣ ጭራውን ይነክሳል።

የሚሻለው እንዲህ ነው። አፈሩን ወደ 30 ሴንቲ ሜትር አውጡ። የሽቦ መረብ ወለሉ ላይ በሙሉ አንጥፉ። አፈሩን መልሱበት። እንስሳው ይቆፍራል፣ ሽቦ ላይ ይደርሳል፣ ይተወዋል። ነገ ሌላ ቦታ ይሞክራል። ወለሉን በሙሉ ለማንጠፍ አቅም ከሌለ የግድግዳውን ሽቦ ከሥር አጥፋችሁ ወደ ውስጥ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር አስገቡና ቅበሩት። ብዙዎች ወደ ውጭ ያጥፉታል። ወደ ውጭ የሚታጠፈው ከውጭ የሚመጣ ውሻና ኮዮቴ የሚባለውን የአሜሪካ የዱር ውሻ ለመከላከል ነው። የውስጡ እንስሳ የሚቆፍረው ግድግዳው ሥር ከውስጥ ሆኖ ስለሆነ መታጠፊያው እሱ እግር ሥር መሆን አለበት።

ሽቦው ራሱ ደግሞ የዶሮ ሽቦ አይሁን። የዶሮ ሽቦ ዶሮን ይይዛል እንጂ ቀበሮን አይይዝም፤ ይበጥሰዋል። የተበየደ፣ ቀዳዳው 2.5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ሽቦ ግዙ። ውፍረቱ በጌጅ ቁጥር ነው የሚለካው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። 14 ጥሩ ነው። ከተበየደ በኋላ ዚንክ የተነከረውን ምረጡ፤ አስቀድሞ ከተነከረ ብየዳው ቦታ ላይ ቶሎ ይዝጋል። ዋጋው ይጨምራል። አፈር ውስጥ ስለሚቀበር እዚህ ላይ አትቆጥቡ።

አሁን ዋናው ነገር። አጥር የሚሸነፈው መሀሉ ላይ አይደለም፤ ሁለት ሽቦ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። የወለሉ ሽቦ ከግድግዳው ጋር የሚያያዝበት መስመር፣ አራቱም ጥጎች፣ የበሩ ምሶሶ። እዚሁ ቨርጂኒያ ያለ አንድ የማውቀው ሰው ይህን ሁሉ ሠርቶ መገጣጠሚያውን በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰረው። ፕላስቲኩን በጋው አደረቀው፣ ቀበሮው ጨረሰው። ከዚያ ወዲህ ያንን ቀበሮ ያየው የለም። በብረት ቀለበት፣ በፒንሳ እያጠበቃችሁ፣ በየአስር ሴንቲ ሜትሩ እሰሩ። እንጨት ላይ ሲሆን በስቴፕል አትምቱ፤ ይነቀላል። በብሎንና በሰፊ ሮንዴላ አጥብቁት።

ላዩ መከደን አለበት። ቀበሮ ሽቦ ይወጣል። የበረዶ ክብደት የሽቦ ጣሪያን ስለሚያጎብጥ ከሥሩ አግዳሚ እንጨት አስገቡ። ግማሹን ቆርቆሮ ብታደርጉት ለጥላም ለዝናብም ይሆናል።

በሩ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው የማይከፈትበት ትንሽ መግቢያ ሥሩ። ሁለቱም ወደ ውስጥ ይከፈቱ፤ እንስሳው ሲገፋ ይዘጋዋል እንጂ አይከፍተውም። ተራ መቀርቀሪያ በአፍንጫው ስለሚያነሳው ቁልፍ ጨምሩበት።

ውስጡን ለማሟላት የእንጨት ሳጥን ከገለባ ጋር፣ ከፍ ያሉ መደቦች፣ ውሃ። ብርድ ልብስ አታስገቡ፣ ይበላዋል።

አምስተኛና ስድስተኛ፦ መግዛትና ማላመድ

ቀበሮ በዓመት አንዴ ነው የሚወልደው፤ ቡችላዎቹ የሚመጡት በጸደይ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ባለው የብርድ ወቅት አጥር ጨርሱ። ሻጩ የፌዴራሉ የግብርና መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ። እርባታው ውስጥ ለመወለዱ ወረቀት ተቀበሉ። ከጫካ የተገኘ ቡችላ አትንኩ፤ እናቱ አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ አይደለችም።

ዕድሜው ወሳኝ ነው። ሳይቤሪያ ላይ እንደታየው ያልተመረጠ ቀበሮ አዲስ ነገር መፍራት የሚጀምረው በ6 ሳምንት ገደማ ነው። የተመረጡት እስከ 9 ሳምንት ይቆያሉ። ስለዚህ ከፀጉር እርባታ የመጣ ቡችላ ከ6 ሳምንቱ በፊት የሰው እጅ፣ የቫኪዩም ድምፅ፣ የመኪና ጉዞ ማወቅ አለበት። ሦስት ወር የሞላውን በርካሽ ቢሰጧችሁ አትውሰዱ፤ ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው። አንገት ላይ ብቻ በሚታሰር ማሰሪያ አታውጡት፤ ሾልኮ ይወጣል። ደረትና ሆድ የሚይዘውን ተጠቀሙ።

ምግብ

ጥሩ የውሻ ደረቅ ምግብ፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ትንሽ አትክልትና ፍሬ። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልገዋል፤ የዶሮ ልብ ርካሹ ምንጭ ነው። የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ አይሰጥም። ወይንና ዘቢብ፣ ቸኮሌት አይሆኑም።

የእኛ ቤት ትልቁ አደጋ ወጥ ነው። ቀይና ነጭ ሽንኩርት የደም ሕዋሱን ያፈርሳል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ሁለቱንም ነው። ልደት ወይም ዝክር ሲኖር እንግዳ "አንድ ጉርሻ ምን ያደርገዋል?" ይላል። በሩን ቆልፉ። እማማም ቢሆኑ አይፈቀድላቸውም።

የተረፈውን ምግብ ይቀብረዋል። ሶፋ ትራስ ሥር ጥሬ ዶሮ ብታገኙ አትደነግጡ።

ጠረንና ድምፅ

ጭራው ሥር እጢ አለው፤ ሽንቱም ኃይለኛ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ በመራቢያው ወቅት፣ ይብሳል። ማምከን ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም። የአሸዋ ሳጥን ይማራል፤ ሲደሰት ግን ይረሳዋል፣ ሲያያችሁም ይደሰታል። የጠረን ማጥፊያ ሽቶ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ብቻ ይሠራል። ሌሊት የሚያሰማው ጩኸት የሴት ጩኸት ስለሚመስል ጎረቤቶቻችሁን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አለዚያ ፖሊስ በር ያንኳኳል።

ጉዞ

ቀበሮ እርባታ ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል። በዚህ ጊዜ አገር ቤት ለገና ወይም ለሠርግ መሄዳችሁ አይቀርም። የውሻ ማቆያዎች ደግሞ ቀበሮ አይቀበሉም። ቡችላ ሳለ ጀምሮ ሌላ አንድ ሰው፣ ጎረቤትም ይሁን ዘመድ፣ በየሳምንቱ እየመጣ ያብላው። ትልቅ ከሆነ በኋላ የማያውቀውን ሰው አይቀበልም። ያ ሰው የሁለቱን በሮች ቁልፍ፣ የሐኪሙን ስልክና "ይቻላል" የሚለውን ኢሜይል በእጁ ይያዝ።