ዶቃው ከቀሚሱ ላይ እየረገፈ ሲያስቸግር

የቀሚሴ አንገት ዙሪያ ላይ የተጠለፈው ዶቃ እየረገፈ መከራዬን አሳየኝ። ክሩ ገና አዲስ ነው። የተበጠሰውን ጫፍ ወደ ብርሃን አስጠግቼ ሳየው ግን ተፍቆ ሳስቷል። ጥፋተኛው ያ ቀጭን ቱቦ የሚመስለው ረጅሙ የብርጭቆ ዶቃ ነው፤ ሲቆረጥ ጫፉ ላይ ስለት ይቀራል፣ ልብሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ክሩን ይገዘግዘዋል።

መላው ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ረጅም ዶቃ ግራና ቀኝ አንዳንድ ትንሽ ክብ ዶቃ አስገባሁ፤ አሁን ክሩ የሚታጠፈው በክቡ ለስላሳ ጠርዝ ላይ እንጂ በስለቱ ላይ አይደለም። የጥጡን ክርም በናይለን ቀየርኩት፣ ደርቤ። ደግሞ ሦስት አራት ዶቃ በሄድኩ ቁጥር መርፌዋን በመጨረሻው ዶቃ ውስጥ መልሼ አሳልፍና ከጀርባ እቋጥራለሁ፣ አንድ ቦታ ቢበጠስ እንኳ መስመሩ ሙሉ ተያይዞ አይረግፍም። ክሩን አጥብቆ መሳብ ግን አይረባም፣ ጨርቁ ይሰበሰባል (ስስ ጨርቅ ከሆነማ አይነሳ)፤ ከስር ገበር ቢኖረው ይሻላል።

ከዚያ ወዲህ ገልብጬ፣ ሳልጨምቅ በእጄ አጥቤዋለሁ። አንድም አልወደቀም። መርፌ ስትገዙ ቀጭኗን ፈልጉ፤ ወፍራሟ በትንሹ ዶቃ ቀዳዳ አታልፍም፣ በግድ ካላችሁ ዶቃው ይሰነጠቃል።