ሃሪኬን ሲቃረብ ትንሿን አውሮፕላን እንዴት እንከላከላት?

ፍሎሪዳ ውስጥ የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ይቆያል። አውሮፕላን ላለው ሰው ከሁሉ የተሻለው መከላከያ አስቀድሞ አብርሮ ማውጣት ነው። ሴስና 172 የተባለችው ትንሽ አውሮፕላን ፍላፕ (የክንፉ ተዘርጊ የኋላ ክፍል) ሳይዘረጋ በ48 ኖት (በሰዓት 89 ኪሎ ሜትር) ገደማ እንኳ አየር ላይ መቆየት ይችላል። የደረጃ 1 ሃሪኬን ነፋስ ደግሞ ከ64 ኖት ይጀምራል። ክንፍ የማንሳት ኃይሉ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ 64 ኖት ነፋስ ከ48 ኖቱ በ1.8 እጥፍ ገደማ ያነሳል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል የመጀመሪያውን ማሳሰቢያ፣ ማለትም «ዎች» የሚባለውን፣ ኃይለኛው ነፋስ ይደርሳል ከተባለበት 48 ሰዓት በፊት ያወጣል። ማስጠንቀቂያው፣ «ዋርኒንግ»፣ የሚወጣው ግን 36 ሰዓት ሲቀር ነው። መነሳት ያለብዎት በመጀመሪያው ነው፤ ሲዘገይ ለነዳጅ መሰለፍ ይመጣል፣ የሌላ ከተማ ሀንጋርም (የአውሮፕላን መጠለያ ቤት) ይሞላል። የሚሄዱት ደግሞ ማዕበሉ ከሚጓዝበት መስመር ወደ ጎን ነው፤ ፊቱን ወደ ጆርጂያ ካዞረ ወደ ጆርጂያ መሸሽ ማስከተል ነው። አንዳንድ የኢንሹራንስ ውሎች የማሸሻውን ወጪ በከፊል ይከፍላሉና ወቅቱ ሳይገባ ውልዎን ያንብቡ።

መውጣት ካልተቻለ ሀንጋር ይሻላል፤ ግን አይተማመኑበት። በ1992 ሃሪኬን አንድሩ በማያሚ አጠገብ የታሚያሚን ሀንጋሮች ከነአውሮፕላኖቻቸው አፍርሷል። በሩ ከተሰበረ ነፋሱ ውስጥ ገብቶ ጣሪያውን ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ሀንጋር ውስጥም ቢሆን አውሮፕላኗን በገመድ ይሰሯት።

ውጭ ከቀረ ሁለቱን ክንፎችና ጅራቱን ይሰሩ። እያንዳንዱ ገመድ ቢያንስ 3,000 ፓውንድ (1,360 ኪሎ ግራም ገደማ) የሚችል ናይሎን ወይም ፖሊስተር ይሁን። የማኒላ ገመድ ሲረጥብ ስለሚያጥር ክንፉን ያስጨንቃል። የሚታሰረው በአውሮፕላኑ ማሰሪያ ቀለበት ብቻ ነው፤ የክንፉ ድጋፍ ዘንግ ይታጠፋል። ገመዱ በጣም ከረገበ ክንፉ በየነፋሱ ሽውታ ብድግ ብሎ በድንገት ይነጠቃል፤ ያን ጊዜ ገመዱ ቢችል እንኳ ቀለበቱ የታሰረበት ብረት ይቀደዳል። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ነፃነት ይበቃል። አሸዋማ መሬት ላይ የሚጠመዘዝ ችካል ዝናብ ካረሰረሰው ተነቅሎ ይወጣል፤ ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ቀለበት ይፈልጉ።

የክንፉን የማንሳት ኃይል ለመስበር 2 ኢንች በ2 ኢንች የሆነ እንጨት ከታቹ ስፖንጅ አድርገው ክንፉ ላይ በርዝመቱ ይሰሩ። ቦታው ከክንፉ ፊት ጠርዝ ተነሥቶ አንድ አራተኛው ስፋት ላይ ነው።

በሴስና 172 መሪው ላይ የሚሰካው መቆለፊያ ራደሩን (ጅራቱ ላይ ወደ ግራና ቀኝ የሚዞረውን ክፍል) አይዝም። ያልተያዘ ራደር ወደ ግራና ቀኝ እየተወረወረ ማቆሚያውን ይደበድባል፤ ማጠፊያውም ይሰነጠቃል። ለራደሩ፣ ለኤሌቬተሩ (ጅራቱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ለሚንቀሳቀሰው ክፍል) እና ለኤልሮኑ (ክንፉ ጫፍ አካባቢ ላለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ከውጭ የሚቆነጥጥ ስፖንጅ ያለው መያዣ ያድርጉ፣ ቀይ ሪባንም ይንጠልጠልበት። አፍንጫውን ኃይለኛው ነፋስ ወደሚጠበቅበት ማዞር ይጠቅማል። ይሁንና የሃሪኬኑ ዓይን ካለፈ በኋላ ነፋሱ ከተቃራኒው ወገን ይመጣል፤ ስለዚህ የጅራቱ ገመድ ከክንፎቹ ያላነሰ ጥንካሬ ይኑረው።

የነዳጅ ጋኖቹን ይሙሉ፤ 56 ጋሎን 152 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት ይጨምራል። ሁሉንም ጎማ ከፊትና ከኋላ ታኮ ያድርጉበት፣ የፒቶት ቱቦውን (ፍጥነት የሚለካበትን ቱቦ) ይሸፍኑ። የመስተዋት ሽፋን ሸራውን ግን ያውጡት፤ ሲርገበገብ በስሩ የገባው አሸዋ መስተዋቱን ይፍቀዋል። የጥገና መዝገቡን ቤት ይውሰዱ።

ሲያበቃ ሞተሩን ቶሎ አያስነሡ። ከሁሉም ጋን ነዳጅ ቀድተው ውሃ መኖሩን ይዩ፣ መሪዎቹን በእጅ እስከ ጥጋቸው ያንቀሳቅሱ። የማሰሪያ ቀለበቶቹ አካባቢ ያለው ቆርቆሮ ከተጨማደደ ወይም ሪቬቱ (ቆርቆሮውን የሚያያይዘው ምስማር) ከላላ ሜካኒክ ሳያየው አይብረሩ።