የተማሪ ፊልም ስትዳኙ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

በተማሪዎች ፊልም ፌስቲቫል ላይ ሐያሲና ተማሪ አብረው ሲዳኙ ደስ ይለኛል። ሐያሲው ብዙ ፊልም አይቷል። ተማሪው ደግሞ ካሜራ ለአንድ ቀን ተከራይቶ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሰማ ያውቀዋል። ሁለቱም ግን የሚወድቁባቸው ስህተቶች አሉ። ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ፊልሙን የሠሩት ልጆች ናቸው።

ትልቁ ስህተት በምስል ጥራት መሸነፍ ነው። ድሮን ያበረረ ልጅ ወዲያው ነጥብ ይሰበስባል። በስልክ የቀረጸችው ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ከዳኞቹ ልብ ትወጣለች። እንዲህ ሲሆን የምንለካው የቤተሰብን ኪስ ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ለመመረቂያ የሠራው «ቡሽ ማማ» 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጠባብ የፊልም ጥቅል፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነው። መክፈቻው ላይ ፖሊሶች ሰዎችን አስቁመው ሲፈትሹ እናያለን። የሚፈተሹት የፊልሙ ሠራተኞች ራሳቸው ናቸው፤ ነገሩ ትወና አይደለም። ይህን ቀረጻ አለመጣሉ፣ ወስዶ ፊልሙ መግቢያ ላይ ማስቀመጡ የዳይሬክተር ውሳኔ ነው። ነጥብ ሊሰጠው የሚገባውም እንዲህ ያለው ውሳኔ ነው። ይህ የተማሪ ሥራ በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው እንዲቆዩ በሚመርጣቸው ፊልሞች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። እና ምስሉ ያምራል ወይ ከማለታችሁ በፊት ካሜራው ለምን እዚያ ቦታ ተቀመጠ ብላችሁ ጠይቁ።

ድምፅ ላይ ግን እኔ ጠንከር እላለሁ። ንግግሩ ካልተሰማ ፊልሙ ተጎድቷል። ማይክን ወደ ተዋናይ ጠጋ ማድረግ ብዙ ጊዜ ከገንዘብ ይልቅ ጥንቃቄ ነው የሚፈልገው። ይህን ለመፍረድ ደግሞ ዳኛው ራሱ በደንብ መስማት አለበት። ታክሲ ውስጥ፣ በስልክ፣ ያለ ጆሮ ማዳመጫ አይቶ «ድምፁ ደካማ ነው» ማለት ግፍ ነው።

እኛ አገር በጣም የተለመደ ሌላ ስህተት አለ፤ «መልእክት አለው» ብሎ መሸለም። ስደት፣ ሱስ፣ ያለዕድሜ ጋብቻ። ጉዳዮቹ ከባድ ናቸው፤ ሊሠራባቸውም ይገባል። ግን ገጸ ባሕርዩ መጨረሻ ላይ ቆሞ ምክር ስለሰጠን ብቻ ፊልም አይሆንም። በሌላ በኩል እናትና ልጅ ተኳርፈው ወጥ ሲሠሩ የሚያሳይ የስድስት ደቂቃ ፊልም ቀረበ እንበል። እናትየው ምንም ሳትናገር ማማሰያውን ከልጅቷ እጅ ትወስዳለች። ልጅቷ ባዶ እጇን የት እንደምታደርገው ይጠፋታል። ካሜራው እዚያ እጅ ላይ ትንሽ ከቆየ የሁለቱ ነገር ሁሉ ገብቶናል። ዳኛው «ጭብጡ ቀላል ነው» ብሎ ካለፈው ፊልሙን አላየውም ማለት ነው።

ርዝመትንም መጥላት ወይም ማድነቅ አያስፈልግም። የፈረንሳዩ ካን ፊልም ፌስቲቫል ለአጭር ፊልም ውድድሩ 15 ደቂቃ ጣሪያ ያስቀምጣል፤ የፊልም ተማሪዎች በሚወዳደሩበት ላ ሲኔፍ ግን እስከ 60 ደቂቃ ይፈቅዳል። ደንቡ የፈቀደውን ደቂቃ ልጁ ምን ሠራበት? እሱን እዩ።

ከዚያ ነጥብ መደመር ይመጣል። ሦስት ዳኞች ለአንዱ ፊልም 8፣ 8፣ 8 ሰጡ። ለሌላው 10፣ 10፣ 3። የመጀመሪያው 24፣ ሁለተኛው 23። ማንም ያልተጣላው ማንም ግን ያልወደደው ፊልም አሸነፈ ማለት ነው! ነጥቡ ለማጣሪያ ይጠቅም ይሆናል። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ፊልሞች ላይ ግን ቁጭ ብሎ መከራከር ያስፈልጋል። 3 የሰጠው ለምን እንደሰጠ ይናገር። 10 የሰጡትም ይመልሱለት።

ክርክሩ ላይ ደግሞ ይሉኝታ አለ። ስሙ የታወቀው ሐያሲ መጀመሪያ ከተናገረ ተማሪው ዳኛ «እኔም እንደሳቸው» ይልና ያበቃል። ታላቅን ማክበር ጥሩ ነው፤ እዚህ ጋ ግን ተማሪው የተጋበዘበትን ምክንያት ያጠፋዋል። ስለዚህ ሁሉም ከውይይቱ በፊት ሐሳቡን በወረቀት ይጻፍ፤ ሲነበብም ከታናሽ ይጀመር። ሐያሲውም «አንተ ብትሆን ይህን ትዕይንት እንዴት ትቀርጸው ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ይማራል። ተማሪው ዳኛ በበኩሉ የሐያሲ ቋንቋ መዋስ የለበትም። «ሰለቸኝ» ማለት ይችላል። ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሰለቸው መናገር ግን አለበት።

ይሉኝታው በዚህ አያበቃም። የፊልም ሰፈር ትንሽ ናት፤ ሁሉም ይተዋወቃል። ተወዳዳሪው የክፍል ጓደኛህ፣ ተማሪህ ወይም ዘመድህ ከሆነ ቀድመህ ተናገርና ከዚያ ፊልም ዳኝነት ውጣ። «እኔ አላዳላም» ማለት አይበቃም። እንዳያዳላ ብሎ የጓደኛውን ፊልም የሚበድልም አለ።

የመጨረሻው ላልተሸለሙት «በርቱ፣ ጥሩ ሙከራ ነው» ብሎ መሸኘት ነው። ልጁ ወራት ደክሞበታል። ቢያንስ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉለት። የሠራለት ትዕይንት የትኛው ነው? ፊልሙ ከእጁ የወጣው የት ላይ ነው? ሦስተኛው በሚቀጥለው ሥራው ሊሞክረው የሚችል አንድ ነገር ይሁን፤ ለምሳሌ የጠብ ትዕይንትን ከመሃል ጀምሮ፣ የመግቢያውን ሰላምታ ቆርጦ ማየት። ይህን ደግሞ ትዝታው ሳይደበዝዝ፣ የሽልማቱ ሰሞን ላኩለት።